ግሬኖብል ከተማና በወተት የሚጋገረው ድንች

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። እኛም የፈረንሳይን አገር በልጅነታችን በሚስዮን ትምህርት ቤት በመጽሐፍ ከማወቃችን በቀር በዐይናችን አይተነው ስላልነበረ፥ ብዙ ዘመን እምብዛም ሳይናፍቀን ኖርን። ነገር ግን ልጃችን ለከፍተኛ ትምህርት ወደዚያ ከሄደች ወዲህ ልባችን ከርሷ ጋራ ባሕር ተሻግሮ ቀረ። ስለዚህ ከሥራችን ዕረፍት በተሰጠን ጊዜ፥ የጥምቀት በዓል ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፥ እርሷ ወዳለችበት ወደ ግሬኖብል ከተማ ለመሄድ ተነሣን። ከዚያ አገር ይዘነው ከተመለስነው ነገር ሁሉ ለቤተ ሰብ የሚጠቅመው አንድ የድንች ምግብ አሠራር ሆኖ ስላገኘነው፥ እርሱንና እርሱን የተማርንበትን ታሪክ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ልናቀርብ ወደድን።

እውነቱን ለመናገር የተነሣነው በናፍቆት ብቻ አልነበረም። ለልጃችን በጻፍንላት ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ያህል «ረቡዕንና ዓርብን ትጠብቂያለሽን?» ብለን ጠይቀናት ነበር። እርሷም ስለ ትምህርቷ፥ ስለ ብርዱ፥ ስለ በረዶውም በሰፊው ስትመልስልን፥ በዚህ ነገር ላይ ግን አንዲት ቃል ሳትጽፍ ቀረች። እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዘመን ስንኖር፥ ተጠይቆ ዝም ያለ ሰው ነገሩን እንዳመነ ሲቈጠር አይተናልና የልጃችንን ዝምታ በዚሁ ሚዛን መዘንነው። ፍርዱንም በልባችን ጽፈን ጨርሰን ማኅተሙ ብቻ ሲቀር ጉዞ ጀመርን።

ከፓሪስ ወደ ግሬኖብል በፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። መጀመሪያ ሜዳውና እርሻው ይታያል፤ በኋላ ግን ተራሮቹ ከግራና ከቀኝ እየቀረቡ ይመጣሉና መንገደኛው ወደ አንድ ትልቅ ግቢ በበር የሚገባ ይመስለዋል። ከተማይቱ ኢዜርና ድራክ የሚባሉት ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ ተቈርቍራለች። በስተ ሰሜን የሻርትሩዝ፥ በስተ ምዕራብ የቬርኮር፥ በስተ ምሥራቅ የቤልዶን ተራሮች ከበዋታል። እኛ የደጋ ሰዎች ተራራ ስናይ ከተማው ራሱ ከፍታ ላይ ያለ መስሎን ነበር። ነገር ግን ግሬኖብል ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 200 ሜትር ከጥቂት ብቻ ነው፤ ምድሯም ዝርግ ሜዳ ስለ ሆነ ተማሪው ሁሉ በብስክሌት ይሄድባታል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን ያሰበ ሰው፥ በዚያ በበረዶ ተራራ መካከል ቆሞ ከቤቱ እጅግ ዝቅ ብሎ እንዳለ ሲያውቅ ይደነቃል። ይህ የከፍታ ነገር በኋላ ስለ ድንቹ አበሳሰል ስንናገር ያስፈልገናልና አንባቢው በልቡ ይያዘው።

ከወንዙ ማዶ ባስቲይ የሚባል ምሽግ በገደል ላይ ተሠርቷል። ወደዚያ የሚያወጣ በሽቦ የሚሄድ ተሽከርካሪ ከ1934 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ አለ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው)። ከደረስን በማግሥቱ፥ በዕለተ ዓርብ፥ ልጃችን ወደ ትምህርቷ ስትሄድ እኛ ብቻችንን ወደ ምሽጉ ወጣን። ከላይ ሆነን ስንመለከት የአሮጌው ከተማ ጣራ በቀይ የሸክላ ክዳን ተሸፍኖ፥ የወንዙ ውሃ አረንጓዴ ሆኖ፥ ተራራው ሁሉ ነጭ ለብሶ አየን። ስለዚያ የሸክላ ክዳን ደግሞ በትምህርት ቤት የሰማነው ታሪክ ነበርና ወርደን ስፍራውን ፈለግነው።

ታሪኩም እንዲህ ነው። የዶፊኔ አገር ዋና ከተማ የነበረችው ግሬኖብል ፓርልማን የሚባል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነበራት። በ1788 የንጉሥ ሉዊ 16ኛ ሚኒስትሮች የነዚህን ፍርድ ቤቶች ሥልጣን የሚቀንስ ዐዋጅ ባወጡ ጊዜ፥ የግሬኖብል ዳኞች ዐዋጁን አንቀበልም አሉ። ስለዚህ ከከተማው ወጥተው በየርስታቸው እንዲቀመጡ የግዞት ትእዛዝ ደረሳቸው። ትእዛዙን የማስፈጸም ሥራ የተጣለው በዶፊኔ የንጉሡ እንደራሴ በነበሩት በክሌርሞን ቶኔር መስፍን ላይ ነበረ። ሰኔ 7 ቀን፥ ቅዳሜ፥ የገበያ ቀን ነበርና የከተማው ሕዝብ፥ ይልቁንም የገበያ ሴቶች፥ ዳኞቻችን አይሄዱብንም ብለው ተነሡ፤ የቤተ ክርስቲያንም ደወል ተደወለ። ወታደር በመጣባቸው ጊዜ በየጣራው ወጥተው ክዳኑን እየነቀሉ በሸክላ ወገሩት። በዚያ ቀን ሰው ሞተ፥ ብዙም ሰው ቈሰለ። መስፍኑም ቤታቸው በሕዝብ ስለ ተወረረ ነገሩን ለማብረድ ተገደዱ፤ ዳኞቹም በሕዝብ ታጅበው ወደ ፍርድ ቤቱ ተመለሱ። ያን ቀን ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ የሸክላ ቀን ይሉታል። ሐምሌ 21 ቀን ደግሞ ከከተማው አጠገብ ባለው በቪዚይ ግንብ መኳንንቱም፥ ካህናቱም፥ ሕዝቡም በአንድነት ጉባኤ አደረጉ። በማግሥቱ ዓመት በፓሪስ የተነሣው ትልቁ አብዮት መጀመሪያው በዚያ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

የዚያ ፍርድ ቤት ሕንጻ አሁንም በቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ቆሟል። እስከ 2002 ድረስ ችሎት ይቀመጥበት ነበር። እኛም በበሩ ፊት ቆመን፥ ከእኛ በፊት በዚያ ቤት ብዕር ይዘው የኖሩትን ጸሐፊዎች እያሰብን ጥቂት ቆየን። ዳኛ ሲሰደድ ስሙን ታሪክ ይጽፈዋል፤ ጸሐፊው ግን መዝገቡን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ማንም አያየውም።

ይህን ሁሉ መተረካችን ከድንቹ ርቀን አይደለም። እነሆ፥ የሸክላ ቀን ካለፈ በኋላ፥ ሐምሌ 12 ቀን 1788፥ እኒያው የክሌርሞን ቶኔር መስፍን በስተ ደቡብ ባለችው በጋፕ ከተማ ለከተማይቱ ሹማምንት የራት ግብዣ አደረጉ። በዚያ ግብዣ ከቀረበው ምግብ አንዱ ግራታን ይባል ነበር። የዶፊኔ ግራታን የሚባለው የድንች ምግብ ስም በጽሑፍ ሲታይ የመጀመሪያው ይህ ነው ይባላል። አገር ሲናወጥ፥ ሕዝብና ሹም ሲቀያየም፥ እኒያ መስፍን ሹማምንቱን ወደ ማዕድ መጥራታቸውን ስናስብ፥ ገበታ ብዙ ጊዜ ከዐዋጅ የተሻለ አስታራቂ መሆኑን ያወቁ ይመስለናል። ግራታን የሚለውም ቃል «መፋቅ» ከሚለው የወጣ ነው። ምግቡ በተጋገረበት ሸክላ ዳርና ዳር የሚይዘው ቅርፊት ተፍቆ ስለሚበላ እንዲህ ተባለ። በፈረንሳይ ቋንቋ ዛሬም የመኳንንቱንና የባለጸጎቹን ወገን በቀልድ ግራታን ይሉታል፤ ከላይ ያለው ቅርፊት ማለታቸው ነው።

ድንች ግን ከዚህ ክብር የደረሰው በብዙ ድካም ነው። የተገኘው በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች፥ ዛሬ ፔሩና ቦሊቪያ በሚባሉት አገሮች ነው። እስጳኞች በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ ባመጡት ጊዜ ሕዝቡ በጥርጣሬ ተመለከተው፤ በፈረንሳይም ለምጽ ያመጣል ተብሎ ለሰው ምግብነት እንዳይዘራ በ1748 በፍርድ ቤት ተከልክሎ ነበር። ፓርማንትዬ የሚባል የመድኀኒት ዐዋቂ ግን በጦርነት ተማርኮ በፕሩሲያ እስር ቤት ድንች እየበላ ስለ ኖረ፥ አለመጕዳቱን በራሱ ሰውነት አወቀ። ወደ አገሩም ተመልሶ ስለ ድንች ተከራከረ። በ1772 የፓሪስ የሕክምና ሊቃውንት ድንች ጕዳት የሌለበት ምግብ መሆኑን መሰከሩ። ሕዝቡን ለማስለመድም ፓርማንትዬ በፓሪስ አጠገብ የተከለውን ድንች ቀን በወታደር እያስጠበቀ ሌሊት ጠባቂውን ያነሣ ነበር፤ የሚጠበቅ ነገር ውድ ነው ብሎ ሰው ሁሉ እየሰረቀ በጓሮው ተከለው ተብሎ ይተረካል።

ወደ አገራችንም ድንችን በ1858 ያስገባው ሺምፐር የሚባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ዐዋቂ መሆኑ ተጽፏል። ይህ ሰው ብዙ ዘመን በትግራይ ኖሮ በ1878 በዐድዋ ሞተ። ድንች በኢትዮጵያ ደጋ ቶሎ ባይለመድም፥ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ ከመጣ በኋላ ገበሬው እየወደደው ሄደ። ስለዚህ ይመስለናል በብዙ ቤት ድንች የችግር ቀን ምግብ ተብሎ ሲናቅ፥ ለክቡር እንግዳ ማቅረቡም እንደ ነውር ሲቈጠር የኖረው። እኛም በዚሁ አሳብ ያደግን ሰዎች ነን።

አሁን ወደዚያ ዓርብ ማታ እንመለስ። ልጃችን የምትኖረው በአንዲት ባልቴት እመቤት ቤት አንድ ክፍል ተከራይታ ነው። እመቤቲቱ ዕድሜያቸው ሰማንያ የተጠጋ፥ ባላቸው የሞቱባቸው፥ ልጆቻቸውም በሩቅ አገር ያሉባቸው ናቸው። የልጃችን አባት መጣ ሲባሉ ደስ ብሏቸው በዚያ ማታ ራት ጠሩን። ሰዓቱ ደርሶ ስንቀመጥ፥ በወፍራም ጨርቅ ይዘው አንድ ትልቅ የሸክላ ሳሕን አምጥተው በመካከል አኖሩ። ላዩ እንደ ወርቅ ቀልቷል፤ ዳርና ዳሩ ገና ይፈላል፤ የነጭ ሽንኵርትና የቅቤ ሽታ ቤቱን ሞላው። እመቤቲቱም ፊታቸው በደስታ በርቶ እንዲህ አሉን። «ልጅዎ አባቴ ዓርብን ይጾማል ብላ ነግራኛለች። ስለዚህ ሥጋ የሌለበት የጾም ምግብ በገዛ እጄ አዘጋጀሁልዎ። ድንቹ በወተትና በክሬም የተጋገረ ነው።»

ልጃችን ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ነገሩ ለአንባቢው ግልጽ እንዲሆን፥ በሮማ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ዓርብ የሚከለከለው ሥጋ ብቻ ነው፤ ወተትና ቅቤ ዕንቍላልም ይበላል። በእኛ ግን ፍትሐ ነገሥት እንደ ደነገገው ረቡዕና ዓርብ ከሥጋም ከወተትም መከልከል መሆኑን ሁሉ ያውቃል። እኒያ እመቤት ጾማችንን ሊያከብሩ ብለው ጾማችንን የሚያፈርስ ምግብ አቀረቡልን። ምን እናድርግ? ብንበላ ሕጋችንን እናፈርሳለን። አንበላም ብንል ቀኑን ሙሉ ስለ እኛ የደከሙትን ሴት ልብ እንሰብራለን። ሦስተኛው መንገድ ሆዳችንን አሞናል ማለት ነበረ፤ ይህን ግን በሐሰት ምስክርነት የሚቀጡትን ሰዎች ስም በየጊዜው በመዝገብ ስንጽፍ የኖርን እኛ ልንሠራው አፈርን።

ስለዚህ ተነሥተን እጅ ነሣንና በቻልነው ፈረንሳይኛ እውነቱን ነገርናቸው። «እመቤቴ፥ ስለ ጾማችን ይህን ያህል የተጨነቀልን ሰው በሰው አገር አላገኘንም። ነገር ግን የእኛ ጾም ከወተትም ይከለክላል። ምግብዎን መናቃችን አይደለም፤ ቢፈቅዱልን እስከ ነገ ይቈይልንና ነገ ቅዳሜ አብረን እንብላው» አልናቸው።

እመቤቲቱ ጥቂት ዝም አሉ። እኛም የተቀየሙ መስሎን ነበር። እርሳቸው ግን እኛን ትተው ወደ ልጃችን ዞሩና «እንግዲያስ አንቺስ? ዓርብ ዓርብ ከገበታዬ የምትርቂው ስለዚህ ኖሯልን?» ብለው ጠየቋት። ልጃችንም ዐይኗ እንባ ሞልቶ «አዎን፥ እመቤቴ። ራት በትምህርት ቤት አለኝ እያልሁ በክፍሌ ዳቦና ምስር እበላ ነበር። ምግብዎን የጠላሁ እንዳይመስልዎ ፈርቼ ነው» አለች። እርሳቸውም «እኔ ግን እጄን የጠላሽው መስሎኝ ዓመት ከመንፈቅ በየዓርቡ ሳዝን ኖርሁ» ብለው ሣቁም አለቀሱም።

በዚያን ጊዜ በልባችን ጽፈነው የነበረው ፍርድ እንዴት እንደ ሆነ አንባቢው ያስበው። በኋላ ብቻችንን ስንሆን ልጃችንን «እንዲህ ከሆነ ስለ ምን አልጻፍሽልንም? ሦስት ጊዜ ጠይቀንሽ ነበር እኮ» አልናት። እርሷም ዐይኗን ወደ መሬት አድርጋ «አባባ፥ እርስዎ የጻፉልኝ እንደ ተከሳሽ ነበረ። ሰላምታው አንድ መስመር፥ ጥያቄው ሦስት መስመር። ልጄ ይህን ታደርጋለች ብለው ቢያምኑኝ ኖሮ ባልጠየቁኝ ነበር ብዬ ተቀየምሁ» አለችን። ለዚህ መልስ አልነበረንም። የጠየቅነው የልጅን ልብ ሆኖ ሳለ የጻፍነው የመጥሪያ ወረቀት ኖሯል። ዝም ያለም ሁሉ ያመነ እንዳልሆነ፥ ያን ያህል ዘመን በችሎት ተቀምጠን ያልተማርነውን፥ በአንዲት ባልቴት ማዕድ ተማርነው።

በዚያ ማታ እመቤቲቱ ድንች በውሃ ቀቅለው፥ ፈረንሳዮች ኑዋ ከሚሉት ቅርፊተ ጠንካራ ፍሬ የተጨመቀ ዘይትና ጨው አድርገው አቀረቡልን። የግሬኖብል ኑዋ ስሙ በሕግ ከተጠበቀ ከ1938 ጀምሮ ነው። ዘይቱም ጥሩ ሽታ አለውና ጠግበን በላን። ሸክላው ሳሕን ግን ተከድኖ በቀዝቃዛ ስፍራ አደረ። ቅዳሜ ማታ በቀስታ እሳት አሙቀው ሲያቀርቡልን እንዲህ ያለ ድንች በዕድሜያችን ቀምሰን እንደማናውቅ መሰከርን። ወተቱ ከድንቹ ጋራ አንድ ሆኖ ረግቷል፤ ቢላዋ ሳያስፈልገው በማንኪያ ይቈረጣል። እርሳቸውም «ያደረው ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እንግዲህ ጾምዎ ጠቀመኝ» አሉ። እኛም እሑድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲሠሩ ብዕርና ወረቀት ይዘን በማድ ቤት ቆምን። ያን ጊዜ የጻፍነው ይህ ነው።

ለስድስት ሰው አንድ ኪሎ ከሩብ ድንች፥ ግማሽ ሊትር ወተት፥ ሩብ ሊትር ክሬም፥ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኵርት፥ ሠላሳ ግራም ለጋ ቅቤ፥ ሁለት የሻይ ማንኪያ ልክ ጨው፥ ጥቂት ቍንዶ በርበሬና የተፋቀ ገውዝ ያስፈልጋል። ድንቹ መካከለኛ፥ ሲቀቀል ቶሎ የማይፈርስ ይሁን። አረንጓዴ የሆነ ወይም የበቀለ ድንች ሰውን የሚጐዳ መርዝ አለበትና መጣል ይገባል፤ እንዲህ እንዳይሆንም ድንች ብርሃን በሌለበት ቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጣል።

ድንቹ መጀመሪያ ታጥቦ ይላጣል፤ ደርቆም እንደ ሁለት የብር ሳንቲም ድርብ ውፍረት፥ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል፥ በስሱ ይከተፋል። ከተከተፈ በኋላ ግን ፈጽሞ አይታጠብ። እመቤቲቱ በዚህ ነገር እጅግ ጠንካራ ነበሩ። ምክንያቱም በተቈረጠው ላይ የሚታየው ነጭ ውሃ ስታርች የሚባለውን ነገር የያዘ ነው። ወተቱን አጥብቆ የሚያረጋው እርሱ ነውና ታጥቦ ከሄደ ምግቡ ቀጭን ሾርባ ሆኖ ይቀራል። ቀጥሎ የሸክላው ሳሕን በተሰነጠቀ ነጭ ሽንኵርት ውስጡ ሁሉ ይታሻል፥ ቅቤም ይቀባል። የቀረው ነጭ ሽንኵርት ደቆ ከወተቱና ከጨው ጋራ ይጣዳል። ወተቱ ሊፈላ ሲል ድንቹ ይጨመርና በቀስታ እሳት እየተማሰለ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይቈያል። ከዚያ ክሬሙ፥ ቍንዶ በርበሬውና ገውዙ ይጨመራል። ሁሉም በሳሕኑ ላይ ተገልብጦ በማንኪያ ይስተካከላል። ቁመቱ ከአራት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። በላዩ የቀረው ቅቤ በትንሽ በትንሹ ይጣልበታል።

የምድጃው ሙቀት 160 ዲግሪ ያህል ይሁን፤ የሚበስለውም በአንድ ሰዓት ከሩብ ነው። የሚቸኵል ሰው እሳቱን ቢጨምር ወተቱ ይበጣጠሳል፥ ላዩ ያርራል፥ ውስጡ ግን ጥሬ ይቀራል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ምሳሌያችን ለዚህ ምግብ የተነገረ ይመስላል። ቢላዋ ሲወጉት ያለ ችግር ከገባ፥ ላዩም ከቀላ፥ ይወጣና ሩብ ሰዓት ያርፋል። በዚህ ዕረፍት ወተቱ ይረጋል። ስለ አይብም ጠየቅናቸው። እመቤቲቱ ግን እንደ ተሰደቡ ሰው ሆነው «አይብ የሚጨምሩት ጎረቤቶቻችን የሳቯይ ሰዎች ናቸው፤ በዶፊኔ አይብም ዕንቍላልም አይገባበትም» አሉ። ይህ ክርክር በዚያ አገር ገና ፍርድ ያልተቈረጠለት ነው።

ወደ ቤታችን በተመለስን ጊዜ አሠራሩን ከአገራችን ነገር ጋራ ማስማማት አስፈለገ። ክሬም በገበያ ያላገኘ ሰው፥ ከሦስት ሊትር ያላነሰ ወተት አፍልቶ በቀዝቃዛ ስፍራ ቢያሳድር በማግሥቱ ከላዩ ወፍራም ስልባቦት ይገፍፋል፤ ይህ ይበቃዋል። ወተቱ ግን ትኩስ የታለበ ይሁን፤ ሊኮመጥጥ የጀመረ ወተት በእሳት ይበጣጠሳል። የሚጋግር ምድጃ የሌለውም አይጨነቅ፤ እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ከላይና ከታች እሳት እንደሚያደርጉ ሁሉ፥ በወፍራም ብረት ድስት አድርጎ ከታች ጥቂት፥ በክዳኑ ላይ በርከት ያለ ፍም ቢያኖርበት ላዩ አምሮ ይቀላል።

ስለ ከፍታም ተናግረን ነበር። በግሬኖብል ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን አየሩ ስለሚሳሳ በ92 ዲግሪ ያህል ይፈላል። ስለዚህ ድንች በእኛ ዘንድ ለመብሰል ጊዜ ይፈጅበታል። እኛም በመጀመሪያው ቀን የእመቤቲቱን ሰዓት ጠብቀን ብናወጣው ድንቹ በጥርስ ሥር ተንጓጓ፤ ባለቤታችንም «ይህን ለማየት ነው ፈረንሳይ ድረስ የሄዱት?» አሉን። በሁለተኛው ጊዜ በወተቱ ውስጥ ሃያ ደቂቃ አቈይተነው፥ በምድጃም ግማሽ ሰዓት ጨምረንበት ደኅና ሆነ።

ለጾም ቀን የሚሆነውም አለ። በቀድሞ ዘመን በፈረንሳይ መንደር ሴቶች ምግባቸውን በሸክላ አድርገው ወደ ዳቦ ጋጋሪው ይወስዱ ነበር፤ ዳቦው ከወጣ በኋላ በቀረው የምድጃ ሙቀት ይበስልላቸዋል። በዚህ መንገድ የሚሠራው ድንች የዳቦ ጋጋሪት ድንች ይባላል፤ ወተት የለበትም። ድንቹ እንደ ፊተኛው በስሱ ይከተፍና፥ በዘይት ከለሰለሰ ቀይ ሽንኵርት ጋራ እየተነባበረ፥ ጨውና ጥቂት የጥብስ ቅጠል ተነስንሶበት፥ ሙቅ ውሃ እስከ ድንቹ አፋፍ ፈስሶበት ይጋገራል። ፈረንሳዮች የሥጋ መረቅ ያደርጉበታል፤ ለጾም ግን ውሃው ይበቃል። ቅርፊቱም እንደ ወተቱ ባይሆን ከርሱ ብዙ አይርቅም።

በቅርቡ በፍስክ ቀን ዘመዶቻችንን ጠርተን የወተቱን ድንች አቀረብን። አንዲት የከበሩ አክስታችን መጀመሪያ «ድንች ለእንግዳ?» ብለው በጎን ተመለከቱት። እኛም ስለ መስፍኑና ስለ ጋፕ ሹማምንት ግብዣ ነገርናቸው። ከቀመሱ በኋላ ግን ታሪኩን ትተው የሳሕኑ ዳር ላይ የያዘው ቅርፊት እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ስለዚህ ድንችን የችግር ምግብ ነው ብለው ከማዕዳቸው ያራቁ ቤተ ሰቦች አንድ ጊዜ ቢሞክሩት እንመክራለን። ምግብን የሚያከብረው ዋጋው ሳይሆን የሠሪው ትጋት ነው።

ለልጃችንም አሁን የምንጽፈው ደብዳቤ አጻጻፉ ተለውጧል። ሰላምታው በዝቷል፥ ጥያቄው ቀንሷል፤ እርሷም ያልጠየቅናትን ሁሉ ትጽፍልናለች። በመጨረሻ የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል። «አባባ፥ እመቤቲቱ ደኅና ናቸው፥ ሰላምታም ልከዋል። ዓርብ ዓርብ ራት የምንበላው አብረን ነው። ሁለት ሳሕን ይጋገራል፤ አንዱ በወተት ለርሳቸው፥ አንዱ በዘይት ለኔ። ባለፈው ዓርብ ግን የወተቱን ለቅዳሜ አስቀምጠው ከኔ ሳሕን በሉ።»